«ውኃው መሐል ትንፋሼ ቢያጥርስ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ርቀት ትራያትሎን ለምትወዳደር ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ካዛንቺስ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ዋና የተማርኩት ከሦስት ዓመት በፊት በሂልተን ገንዳ ነው። ከአምስት ወር በኋላ በደቡብ አፍሪካ፣ ፖርት ኤልሳቤጥ (በአሁኑ ይፋዊ ስሟ Gqeberha) ከተማ በሚካሄድ የሙሉ ርቀት ትራያትሎን ለመወዳደር ተመዝግቤአለሁ። አካሌ እየተዘጋጀ ነው፤ አእምሮዬ ግን ወደኋላ ቀርቷል። ባለፈው ወር ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ስዋኝ ትንፋሽ አጥሮኝ በጀልባ ተመለስኩ። ብስክሌት ላይ አራት ሰዓት ሲሞላኝ ደግሞ ‹ይሄ ሁሉ ለምን?› የሚል ሐሳብ ይይዘኛል። ውድድሩ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ወንድሜ አብሬሽ ልሂድ ይላል፤ ልውሰደው ወይስ ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል?»

ውድ ጠያቂ፤

ካነሷቸው ጉዳዮች ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለሐይቁ ነው፤ የቀሩት በልምድ የሚስተካከሉ ሲሆኑ የሐይቁ ጉዳይ ግን ሕይወትን የሚነካ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ወደ እኔ የሚመጡ ስፖርተኞች ብዙዎቹ፣ የጥርስ ሐኪም የታመመውን ጥርስ ነቅሎ እንደሚጥል ሁሉ እኔም ፍርሃታቸውን ነቅዬ እንድጥልላቸው ይፈልጋሉ። አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ፣ ከዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን ለመሮጥ የተነሣ ሰው ጥቂት እንኳ ካልፈራ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የአእምሮ ዝግጅት የምለው፣ ፍርሃቱ የሚጠብቅዎትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅንና እዚያ ሲደርሱ እጅዎና ትንፋሽዎ ምን እንደሚሠሩ ቤትዎ ሳሉ መወሰንን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ማሰብ አይቻልም፤ የሚቻለው አስቀድሞ የተለማመዱትን ማድረግ ብቻ ነው።

የተማሩበት ገንዳ ከመሬት በሚወጣ ፍልውሃ የሚሞቅ ነው። ሙቅ ነው፤ ወለሉ ይታያል፤ ቢደክምዎ የሚይዙት ጠርዝ ከእጅዎ አይርቅም። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ አፍ የነበረ ሐይቅ ስለሆነ ከዳር ጥቂት እንደራቁ እግር የሚያርፍበት የለም፤ ከታች የሚታየው ጥቁር አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ውኃውም ከለመዱት ይቀዘቅዛል። በአንድ ጊዜ ሙቀቱን፣ ወለሉንና ጠርዙን አጡ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ፊትንና ደረትን ድንገት ሲነካ ሰውነት ባለቤቱን ሳያስፈቅድ አየር በኃይል ይስባል፤ ከዚያም አተነፋፈሱ ይፋጠናል። ይህ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ምላሽ እንጂ የፈሪነት ምልክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። የሚባባሰው ሰውየው በዚያች ቅጽበት ተጨማሪ አየር ለመሳብ ሲታገል ነው። ያልወጣ አየር ሳንባውን ሞልቶት ሳለ «አየር አነሰኝ» ይላል። መድኃኒቱ ማስወጣት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ባቦጋያ ላይ አንድ ጎልማሳ ሠልጣኝ እንደ እርስዎ መሐል ላይ ቆመ። እኔ በትንሽ ታንኳ አጠገቡ ነበርኩ። የታንኳዋን ጠርዝ የጨበጡት ጣቶቹ ጫፋቸው ነጥቶ ነበር፤ አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጥቷል። «አይዞህ፣ ተረጋጋ» አልኩት፤ አልሰማኝም። በእርግጥ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው «ተረጋጋ» ስለተባለ ሲረጋጋ አይቼ አላውቅም። ቀጥዬ «ከንፈርህን ውኃው ውስጥ ንከርና አንጎራጉር» አልኩት። በመገረም አየኝና እንደ ንብ ቀፎ «እምምም» ማለት ጀመረ፤ አረፋው ጉንጩ ላይ ይፈላ ነበር። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ጣቶቹ ቀለማቸው ተመለሰ፤ ትከሻውም ወረደ። ከዚያ በጀርባው ተንሳፍፎ ሰማዩን ጥቂት አየ፤ ቀስ ብሎ በደረት ዋና ተነሣ፤ ዳር የደረሰው በራሱ ክንድ ነው። እያንጎራጎረ ትንፋሹን ይዞ ማቆየት የሚችል ሰው የለም፤ የዘዴው ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህን ቅደም ተከተል፣ ማለትም ማንጎራጎር፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ አሥር ቀዘፋ በደረት ዋና፣ ከዚያ ወደ መደበኛው ዋና መመለስን፣ ገንዳው ውስጥ ምንም ሳይፈሩ ይለማመዱት። በእያንዳንዱ ልምምድ መጨረሻ ላይ ጠርዙን ሳይነኩ መሐል ላይ ይቁሙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይድገሙት። የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ አጠገብዎ የሚዋኝ የሆቴል እንግዳም ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ግድ የለም። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሱ፤ ነገር ግን ብቻዎን በፍጹም አይግቡ፤ ጀልባ ያለው ሰውና ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ አብረውዎት ይሁኑ። መጀመሪያ ዳር ላይ ቆመው ፊትዎንና አንገትዎን በውኃው ይታጠቡ፤ ድንገተኛው የትንፋሽ መሳብ ወገብዎ ድረስ ቆመው ሳሉ መጥቶ ይለፍ። የመጀመሪያው ቀን ዓላማ ርቀት አይሁን፤ ባለፈው ወር የቆሙበት ቦታ ደርሶ፣ ሆን ብሎ ቆሞ፣ አንጎራጉሮ መመለስ ይበቃል።

በፖርት ኤልሳቤጥ የሚዋኙት በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ባለው የአልጎዋ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ሞገድ አለው፤ ጨው አለው፤ ከፍልውሃ ገንዳ ጋር የሚወዳደር ሙቀት አይጠብቁ። ዌትሱት፣ ማለትም እንደ ጎማ ያለውን ሙሉ የዋና ልብስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለብሱት የውድድሩ ቀን ከሆነ አንገትዎ ላይ የሚያርፈው ጥብቀት ማነቅ ይመስልዎታል። ስለዚህ አስቀድመው ሐይቁ ላይ ይልበሱት። የእጅጌውን ጨርቅ ከክንድዎ ወደ ትከሻዎ እየሳቡ ደረቱን ያላሉት፤ ከገቡ በኋላም በአንገቱ በኩል ጥቂት ውኃ ያስገቡ። ሲጀመር ከኋላና ከዳር ይሁኑ፤ የሚያጡት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚተርፉት ከሰው እግርና ክንድ ነው። ደግሞም ወደፊት እስካልጎተተዎት ድረስ የነፍስ አድን ታንኳ ይዞ ማረፍ በእነዚህ ውድድሮች ደንብ የተፈቀደ ነው። ይህን ማወቁ ብቻ ብዙ ሰው ሲያረጋጋ አይቻለሁ፤ ጠርዙ ጠፋ እንጂ የሚይዙት ነገር አልጠፋም።

ከዚህ ሳልወጣ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። በትራያትሎን ውድድሮች ላይ ከሚደርሱት የሞት አደጋዎች አብዛኞቹ የሚከሰቱት በዋናው ክፍል ነው። በሐይቁ የሆነብዎት ድንጋጤ ብቻ መሆኑን እኔ ከጽሑፍ ልፈርድ አልችልም፤ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሡ፤ የሆነውንም እንዳለ ይንገሩት። ውኃ ውስጥ ሳሉ ደረትዎን ከተጫነዎት፣ አረፋ ወይም ደም ያለው አክታ ካሳለዎት፣ ወይም በጀርባዎ ተንሳፍፈው ጥቂት ደቂቃ ቆይተውም ትንፋሽዎ ካልተመለሰ፣ ይህ የማንጎራጎር ጉዳይ አይደለም፤ እጅዎን አንሥተው ይውጡ።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። «ይሄ ሁሉ ለምን?» የሚለው ጥያቄ አራት ሰዓት ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ፍልስፍና መስሎ የመጣ ረሀብ ነው። በዚህ ርዝመት ባለ ውድድር በአብዛኛው የሚመከረው በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ነው። መካከለኛ ሙዝ የሚሰጥዎት 25 ግራም ያህል ሲሆን አንድ ጄልም (በትንሽ ከረጢት የታሸገ ዝልግልግ ጣፋጭ የስፖርተኛ ምግብ) ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ «በየሰዓቱ አንድ ሙዝ እበላለሁ» የሚል ሰው እየተራበ ነው የሚነዳው። የደም ስኳር ሲወርድ መጀመሪያ የሚጨልመው ስሜት ነው፤ እግር የሚከዳው ከዚያ በኋላ ነው። የሙሉ ርቀት ትራያትሎን በ1978 እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ሲጀመር 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ፤ በሩጫው ላይ ከፊት ይመራ የነበረው ሰው ደጋፊዎቹ ውኃ አልቆባቸው ቢራ እንደሰጡትና ሁለተኛ እንደወጣ እስከ ዛሬ ይተረካል። የሰውየው ጉልበት አልጎደለም፤ የጎደለው ስንቅ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡ ሲመጣ አይከራከሩት። ይብሉ፤ ይጠጡ፤ ከዚያም የ20 ደቂቃ ቀጠሮ ይስጡት። ጉዳይ ልናስፈጽም ስንሄድ «ከሰዓት ተመለሱ» እየተባልን ስንመላለስ የኖርን ሰዎች ነን፤ እርስዎም ያንኑ ስልት በሐሳቡ ላይ ይጠቀሙበት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ሌላ ቀጠሮ ይስጡት። በልምምድ ማስታወሻዬ ላይ እንዳየሁት ከበሉ በኋላ ቀጠሮውን አክብሮ የሚመለሰው ሐሳብ ጥቂት ነው።

የሚመለሰው ግን አለ፤ ለእሱ የሚሆነው ቦታ ከቢሮዎ ብዙም አይርቅም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ሄደው እርከኖቹ ላይ የሚሮጡትን ይመልከቱ። የለመደው ሯጭ አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር ይሮጥና ዞሮ ወደሚቀጥለው ይወጣል፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ ስንት እንደቀረው አይቆጥርም። አዲሱን ሯጭ ግን በአንገቱ ይለዩታል፤ በየዙሩ ቀና ይላል፤ ቀና ባለ ቁጥርም እግሩ ይከብደዋል። በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ይሩጡ፤ ሙዚቃ ሳይሰሙ፣ ሰዓት ሳያዩ። እርከን በጨረሱ ቁጥር ትከሻዬ ወርዷል ወይ፣ ትንፋሼ እንዴት ነው፣ መጨረሻ የጠጣሁት መቼ ነው ብለው ይጠይቁና ወደሚቀጥለው ይለፉ። መሰላቸትን የሚለማመዱት እዚህ ነው። ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ረጅሙን ብስክሌት ሲነዱ፣ 180ውን ኪሎ ሜትር ሳይሆን የሚቀጥለውን የመብያ ሰዓት ብቻ እንደ አንድ እርከን ይያዙት። ያው መንገድ ላይ የንፋሱንም ጉዳይ ይማሩ፤ ፖርት ኤልሳቤጥ ንፋስ የማያጣት ከተማ ናት። ፊት ለፊት የሚመጣ ንፋስ ሰውን ያናድዳል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ፍጥነቱን ለማስመለስ ይታገላል፤ በማራቶኑ ላይ ዋጋውን ይከፍላል። ንፋስ ሲመጣ ፍጥነትዎን ትተው የሚያወጡትን ጉልበት እንደነበረ ይጠብቁ።

ለራስ ስለሚነገር ቃል ደግሞ ቋንቋችን አንድ ጸጋ ሰጥቶናል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 24 ሰዎች እስኪደክሙ ድረስ ብስክሌት እንዲገፉ ተደርጎ፣ ግማሾቹ ለራሳቸው የሚናገሩትን ቃል መርጠው ለሁለት ሳምንት ከተለማመዱ በኋላ የጽናት ጊዜያቸው በ18 በመቶ ጨመረ፤ በሌሎቹ ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ብስክሌት በጋለቡ ሰዎች ላይ፣ ራስን «እኔ» ብሎ ከማናገር «አንተ» ብሎ ማናገር የተሻለ ሰዓት እንዳስገኘ አሳይቷል። እኛ ደግሞ ራሳችንን ስናጽናና እንኳ የምንለው «አይዞኝ» ሳይሆን «አይዞህ፣ አይዞሽ» ነው፤ ከጎን የቆመ ሌላ ሰው እንደሚያናግረን ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ የተቀዳ መፈክር አይፈልጉ። እናትዎ ወይም አያትዎ በልጅነትዎ ከባድ ነገር ሲገጥምዎ ምን ብለው ይጠሩዎት እንደነበር ያስታውሱ፤ በዚያ ስም፣ በዚያ ድምፅ ለራስዎ ይናገሩ። አጭር ይሁን፤ ከሁለት ቃል አይብለጥ፤ ሽቅብ ሲወጡ ከአተነፋፈስዎ ጋር መገጠም አለበት። አሁኑኑ መርጠው በልምምድ ካልተጠቀሙበት ግን በውድድሩ ቀን ባዶ ድምፅ ይሆንብዎታል።

ከዚህ ሌላ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚሉ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮችን በእጅዎ ይጻፉ። የዋና መነጽሬ ከተመታና ውኃ ከገባው፣ በጀርባዬ ተንሳፍፌ አስተካክለዋለሁ። ጎማዬ ከተነፈሰ፣ ከመንገዱ እወጣለሁ፤ ሦስት ጊዜ በረጅሙ አስወጥቼ እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ ካላማዳሪውን እቀይራለሁ። ይህን የመጨረሻውን በተግባር ይሞክሩት፤ ሳሎንዎ ምንጣፍ ላይ፣ በሰዓት፣ እጅዎ በግሪስ እስኪጠቁር። አንድ ጎማ በ40 ደቂቃ የቀየረች ሠልጣኝ አውቃለሁ፤ ከእጇ ፍጥነት ይልቅ የጎዳት ለቅሶው ነበር፤ አራተኛው ሙከራዋ ላይ ስምንት ደቂቃ በቃት። የጊዜውንም ነገር እንዲሁ በወረቀት ያስቀምጡት። በአብዛኞቹ የሙሉ ርቀት ውድድሮች ገደቡ 17 ሰዓት ያህል ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የተነሣ ሰው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጊዜ አለው ማለት ነው። ለዋናው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የእርስዎን ውድድር ትክክለኛ ገደቦች ከመመሪያው ላይ ገልብጠው ልምምድዎ ላይ ካለው ፍጥነት ጋር ያስተያዩ። የሒሳብ ሰው ነዎትና ይህ ሥራ ከማንም ማበረታቻ በላይ ያረጋጋዎታል ብዬ እገምታለሁ።

ባይጠይቁኝም የማልዘለው ነገር አለ። የሥራ ባልደረቦችዎ «የአበበ ቢቂላ አገር ሰው ሩጫ ይከብደዋል እንዴ!» ማለታቸው አይቀርም። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ነገር ግን አበበም ሆነ ደራርቱ ማራቶን የሮጡት ከ180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ወርደው አይደለም። ይህ ይሉኝታ ሩጫው ላይ ሲደርሱ ከሚገባዎ በላይ ያፈጥንዎታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ትንፋሽዎ የተፈታ ያህል ይቀልልዎታል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ኪሎ ሜትሮች «እንዲህም እችላለሁ!» ያሰኛሉ። አይመኑት። በልምምድ የወሰኑትን ፍጥነት ይያዙ፤ ሲደክምዎም በየውኃ ማደያው መራመድ ነውር እንዳልሆነ ከአሁኑ ከራስዎ ጋር ይስማሙ። ግብዎን የሚነግሯቸው ሰዎችም ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ይበቃል።

የጾሙን ነገር ከንስሐ አባትዎና ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት፤ የእኔ ድርሻ ትንሽ ናት። የጾም ምግባችን በካርቦሃይድሬት ድሃ አይደለም፤ አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ ስለማይጾም ረጅሞቹን ልምምዶች በእነዚህ ቀናት ላይ ያድርጓቸው። በባዶ ሆድ አምስት ሰዓት መንዳት ጽናት ያስተምራል የሚሉ አሉ፤ እኔ የማየው ብስክሌቱን መጥላት ሲያስተምር ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ልምምዱ ሲቀንስ ጉልበትዎን የሚያምዎት፣ ጉሮሮዎን የሚከረክርዎት፣ የሠሩት ሁሉ የጠፋ ይመስልዎታል። ይህ የተለመደ ነው፤ ሥራ የፈታ አካል ለጭንቀት ጆሮ ይሰጣል። በእነዚያ ቀናት ተጨማሪ ልምምድ አይሥሩ፤ በምትኩ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ዓይንዎን ጨፍነው ቀኑን ከውስጥ ሆነው ይለፉበት፤ የዌትሱቱን ሽታ፣ የእግር ጣትዎ ስር ያለውን አሸዋ፣ ከዚያም ትንፋሽዎ የሚያጥርበትን ቦታና ማንጎራጎሩን። ሁሉ ነገር የተቃናበትን ቀን ብቻ በምናብ ማየት አይጠቅምም፤ ጎማው የተነፈሰበትን ቀን ይዩት፤ ሲቀይሩትም ይዩ።

ወንድምዎን ይውሰዱት። ነገር ግን ሥራ ይስጡት፤ ሥራ የሌለው ደጋፊ ራሱ ይጨነቅና ጭንቀቱን ያጋባል። ምግብ ማቀበልም ሆነ አጠገብዎ መሮጥ በደንቡ የተከለከለ የውጭ እርዳታ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት። ማራቶኑ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ መንገዱ ጸጥ የሚልበት ቦታ ላይ ይቁም። «ትንሽ ነው የቀረሽ» እንዳይል አደራ ይበሉት፤ በዚያ ሰዓት የቀረው 12 ኪሎ ሜትር ለእርስዎ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ እንዳልሆነ እግርዎ ያውቃል፤ የሚወዱት ሰው ሲዋሽዎት መስማት ደግሞ ያስከፋል። እናትዎ በሚጠሩዎት ስም ይጥራዎትና «መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅዎ፤ እርስዎ እስኪመልሱለት ድረስም ሌላ ቃል እንዳይጨምር ያስምሉት።